ከባድ ነው ያልተባለው ሰው

ሱልፍሪድ የመኪናዋን መስታወት በረዶ በግራ እጇ ስትፍቅ ያየሁ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ግራኝ አይደለችም። አብረን በሠራንባቸው ክረምቶች ሁሉ መፋቂያውን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ ከላይ ወደ ታች እየጎተተች፣ እኛ ገና ጓንት ስንፈልግ እሷ ጨርሳ ሞተር የምታስነሣ ሴት ነበረች። ያን ጧት ግን ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ግራዋ ደግሞ ከሰው የተዋሰችው እጅ ይመስል መስታወቱን ይጭራል እንጂ አያጠራም።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም። ጓንቴ ጠፋብኝ።"

"የጠፋው ጓንቱ ነው ወይስ እጁ?"

"ዮርዲስ፣ ሥራሽን ሥሪ" አለችኝና ገባች። የመኪናውን ቀበቶ ለመሳብ መላ ሰውነቷን ስታዞር በተፋቀችው ቀዳዳ በኩል አየኋት።

የምንሠራው በኖርዌይ ጠረፍ ባለች ደሴት ላይ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። የደከመና የታመመ ሰው ቤት እየዞርን ከአልጋ እናነሣለን፣ እናጥባለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ዳቦውን በቡናማ አይብ ቀብተን እናቀርባለን። ከዚያ በሩን ቆልፈን ቁልፉን ደጃፍ ላይ ባለችው ሣጥን እንመልስና ወደሚቀጥለው ቤት እንነዳለን። ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከጠባብ አልጋ፣ ከግድግዳ በኩል፣ ጎንበስ ብሎ ያነሣ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሱልፍሪድ የተወለደችው ከወደቡ በላይ ባለው ቢጫ ቤት ነው። አባቷ፣ ኢንግቫልድ በሚባል ሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አባትየው ሞተ፤ ባሕር ላይ እንዳይመስላችሁ፣ አልጋው ላይ፣ በሳንባ ምች። እሷ ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንግቫልድ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር አንድ ከረጢት ዓሣ የእነሱ በር እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። አያንኳኳም። እናትየው ልታመሰግነው ብቅ ካለች መንገድ ተሻግሮ ያመልጣል። ስለዚያ ዓሣ በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ልጅቷ ግን በላችው፤ አደገችበትም።

ትምህርት ስትጨርስ ዓሣ ፋብሪካ ገባች። እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ሥጋ ከአጥንት ስትለይ ትውል ነበር። ትከሻዋ መጎዳት የጀመረው ያኔ ይመስለኛል፤ እሷ ግን አታምንም። ፋብሪካው ሲዘጋ ተንከባካቢነት ተማረች፣ የሙያ ማረጋገጫዋን ያዘች፣ ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው። እኔን ያሠለጠነችኝ እሷ ናት። "ሰውየውን አታንሺው" ትለኝ ነበር፤ "ጉልበቱን አስታጥፊው፣ አገጩን ወደፊት አምጪለት፣ ቀሪውን ራሱ ይሠራዋል።" ጉልበቱ የሚታጠፍለት ሰው ከሆነ እውነቷን ነው።

በረዶ በግራ እጇ ከፋቀች ከጥቂት ቀን በኋላ እውነቱን በመኪና ማቆሚያው ነገረችኝ። ጃኬቷን መዝጋት አቅቷት ዚፑን እኔ ስስብላት ነው የወጣው። ሐኪሙ ትከሻዋን በማሽን አይቶታል። ጅማቷ ከፊሉ ተበጥሷል። ሰው መሸከሙን ከቀጠለች የቀረውም ይሄዳል፤ ያ ከሄደ ሥራው አበቃ።

"እና ለሲሴል ንገሪያታ" አልኳት። ሲሴል የቡድናችን አለቃ ናት።

"ብነግራት ምን ታደርገኛለች? ቤት ትሰደኛለች። ጡረታዬ ገና ነው፤ ባሌ የለ። ጧት የምነሣው ለዚህ ሥራ ነው። ቤት ብቀመጥ በሁለተኛው ክረምት ቁልፌን ራሴ አምጥቼ አስረክባችኋለሁ። ያኔ አንቺ መጥተሽ ታነሺኛለሽ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እንዳለችው መጥቼ ሳነሣት ምን ያህል እንደምትመዝን በልቤ ገምቼ ነበርና።

ይህ በሆነ ሰሞን ሲሴል ከሥልጠና አዲስ አሠራር ይዛ መጣች። ነርስ ናት፤ ባሏን ተከትላ ከዋናው ምድር የመጣች፣ ቅን ሴት። እስከዚያ ድረስ የጧቱ ዙር የሚከፋፈለው በሠፈር ነበር፤ ለማን ይቀርባል? በቃ፣ እሱ ይሂድ። አንዱ ከጧት እስከ ምሳ ሲሸከም ይውላል፣ ሌላው ከጧት እስከ ምሳ መድኃኒት ሲያድል። ሲሴል ዓርብ ዕለት ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ እየበላን ሳለ ተነሥታ ነገረችን።

"ሰውነት የሚጎዳው ስለሠራ አይደለም። አንድ ዓይነት ሥራ ሳያቋርጥ ስለሚደራረብበት ነው። ከባዱ ቤት ከቀላሉ ጋር ቢቀላቀል፣ ከማንሣት ቀጥሎ መቀመጥ፣ ከመንበርከክ ቀጥሎ መራመድ ቢኖር፣ ሥራው ራሱ ያጠነክራችኋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤት ቀለም እንሰጠዋለን። ከባድ ቀይ፣ መካከለኛ ቢጫ፣ ቀላል አረንጓዴ። ሁለት ቀይ ተከታትሎ ለማንም አይሰጥም። በጣም ከባድ የሆነው ጋ ደግሞ ሁለት ሰው ይሄዳል።"

ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። ሰሌዳው ላይ የምንንከባከባቸውን ሰዎች ስም በሙሉ ጻፈች፣ የሦስቱን ቀለም ማግኔቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። "እኔ ካለሁ ትጠነቀቃላችሁ" ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።

ስህተቷ ይህ ነበር። ብትቀመጥ ይሻል ነበር።

ሰሌዳው ላይ ያለው ስም ሁሉ የእኛው ሰው ነው። አንዷ ፊደል ያስቆጠረችን፣ አንዱ ላጠመቀን ቄስ ኦርጋን ይመታ የነበረ፣ አንዷ የባልደረባችን የሮአር አክስት። ማንም እጁን ወደ ቀዩ አልሰደደም።

"በሉ፣ ደፋር ካለ ይነሣ" አለ ሮአር። ዋፍሉን በጃም አጥለቅልቆ ይበላል። "እኔ እንደሆንኩ አክስቴን ከባድ ናት ብዬ እናቴ ከሰማች ለገና አልጠራም።"

"ግን ከባድ ናት" አልኩት።

"ከባድማ ናት። ባለፈው ከሽንት ቤት ሳነሣት ወገቤ ጮኸ፤ እሷ ደግሞ በሩ የጮኸ መስሏት ቅባት ግዛለት አለችኝ።"

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ሮአር ተነሥቶ አክስቱ ስም አጠገብ አረንጓዴ ለጠፈ። ከዚያ ሁሉም ቀለለ። አስተማሪያችን አስላውግ አረንጓዴ። ለእግሯ የምናለብሳት አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ተንበርክኮ፣ በሁለት እጅ፣ ጥርስ ነክሶ የሚጎተት ነው፤ ግን ማንበብ ያስተማረችን እሷ ናት፣ አረንጓዴ። ቀይ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ከኦስሎ የመጣ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ ሲታጠብ የሚነጫነጭ። ከብርድ ልብሱ አይከብድም። እሱ ላይ ያለ ክርክር ተስማማን።

የኢንግቫልድ ስም ከታች ነበር። በስትሮክ ከተመታ ወዲህ ግራ ጎኑ አይታዘዝም፤ ትልቅ ሰው ነው፣ በመርከበኛነቱ ዘመን የያዘው ትከሻና ሆድ አልለቀቀውም። ጧት ጧት የምታነሣው ሱልፍሪድ ናት፤ ሌላ ሰው አይፈልግም። ሁላችንም እሷን አየናት።

በግራ እጇ አረንጓዴ አንሥታ ለጠፈች።

"ሱልፍሪድ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ክብደቱ እኮ ነው የሚጠየቀው፣ ሰውየው አይደለም ልትዪኝ ነው?"

"አዎ።"

"እና ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ክብደቱ ነው ወይስ ስሙ?"

ሌላም ነገር ነበር፤ ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረው። ከባድ የተባለ ሰው ውሎ አድሮ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ይወሰድ የሚል ወሬ ይነሣበታል። ኢንግቫልድ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ወደቡን ያያል። መጦሪያው የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው።

ሲሴል ተመልሳ ሰሌዳውን አየች። ለምለም ሜዳ መስሏል።

"እውነት ነው ይሄ?"

"የደሴቱ አየር ነው" አለ ሮአር። "ሰው እዚህ አይከብድም።"

ሳቀችና አመነችን። የሠራተኛውን ቃል እንዲያምኑ ነው ሥልጠናው ላይ የተነገራቸው። ቀለሞቹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። ኮምፒውተሩም የተነገረውን አመነ። ሁሉም ቀላል ከሆነ ማደባለቅ ለምን? በዙሩ መሀል የነበረችን ረጅም መንገድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሬዲዮ እየሰማን የምናርፍባት፣ ጊዜ ማባከን ናት ተብላ ተነሣች። የሱልፍሪድ ጧት እንዲህ ሆነ፦ ኢንግቫልድን ማንሣት፣ ወዲያው የአስላውግ ካልሲ፣ ወዲያው የሮአር አክስት ሻወር። ሦስቱም ስልኳ ላይ አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ።

ከገና በኋላ ሰው መጉደል ጀመረ። አንዷ በወገብ፣ አንዱ በጉልበት፣ የሕመም ፈቃድ። ሲሴል በየተራ ቢሮዋ እያስገባች ትጠይቀናለች። ቀለሞቹ ትክክል ናቸው? ትክክል ናቸው። ታዲያ ምን እየሆነ ነው? የክረምቱ መንገድ ነው፣ በረዶው ነው፣ ጫማው ነው። ሴትየዋ ጫማ አስገዛችልን። ጥሩ ጫማ ነው፤ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

የአንዳችን መኪና ባትሪ በብርዱ ሞቶ እኔና ሱልፍሪድ በአንድ መኪና የወጣንበት ጧት መጣ። ኢንግቫልድ ቤት አብሬያት ገባሁ። እሱን በዓይኔ ካየሁት ቆይቶ ነበር።

መተላለፊያው ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የላከለት የሰው ማንሻ ማሽን ቆሟል። ባለ ጎማ፣ ባለ ረጅም ክንድ፣ የመያዣ ጨርቁ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ክንዱ ላይ የኢንግቫልድ ካፖርት፣ የዝናብ ኮቱ፣ ሁለት ኮፍያና የውሻ ማሰሪያ ተሰቅለውበታል። ውሻው የሞተው ድሮ ነው።

"ጥሩ መስቀያ ነው" አለ ከመኝታ ቤቱ ሲያየኝ። "ለማዘጋጃ ቤቱ አመስግኑልኝ።"

"የተሠራው ለኮት አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን በጀልባዬ ማንሻ ማሽን ያነሣሁት ዓሣ ነው። እኔ እስክሞት በሰው እጅ ነው የምነሣው። እንዲያውም ሱልፍሪድ እያለች ምን አስጨነቀሽ? ጉልበቷ እኮ የአባቷ ነው።"

ሱልፍሪድ አልጋውን ከፍ አደረገች፣ ጉልበቱን አጠፈችለት፣ እግሩን አወረደች። ሁሉንም እንደ መጽሐፉ። እኔ በሌላው ጎን ልይዝ ስጠጋ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ እንዲያውቅ አልፈለገችም። ደህናውን እጁን አንገቷ ላይ ጣለ። ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትቱ እንደሚሉት "ሆ… ሆ…" አለ፣ አብረው ተነሡ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰማሁት። እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ ያለ ድምፅ። ሱልፍሪድ አልጮኸችም። ቀኝ እጇ ብቻ ከጀርባው ላይ ተንሸራቶ ወረደ፣ እንደ ባዶ እጅጌ። አልለቀቀችውም፤ በቀረው እጇ አቅፋው፣ ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደግፋ፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔ ስደርስ እሷ ከሥር ነበረች። ፊቷ እንደ ግድግዳው ነጭቷል።

"ተመታህ?" አለችው።

"እኔ አልተመታሁም። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ።"

"ሱልፍሪድ።"

"ትከሻዬ ነው።"

"አሁን ነው?"

ፊቷን ወደ አልጋው አዞረች።

"ቆይቷል" አልኩት እኔ። "ሐኪም ከከለከላት ቆይቷል።"

ወደ እሷ ሊዞር ሞከረ፣ አንገቱ አልደረሰለትም፤ ስለዚህ የሚናገረው ከፊቱ ላለው ቁም ሣጥን ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ከባድ ነህ ልበልህ?"

"መቶ ኪሎ አልፌያለሁ፤ ሌላ ምን ልትዪኝ ነበር?"

"ሰው ለሰው እንዲህ አይልም።"

"ማን ነው የማይለው? የወጣልኝን ሁሉ በሚዛን ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልተመዘነ ነገር ጀልባዬ ላይ ጭኜ አላውቅም። ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቂ በየት በኩል እንደምታስቀምጪው በምን ታውቂያለሽ?" ትንፋሹ አጠረው። "እዚህ ተኝቼ ስንት ጊዜ ነው የጫንኩብሽ? በየቀኑ? እየጫንኩብሽ እኮ ነው የኖርኩት፤ እንዳላውቅ አድርገሽኝ።"

"ዓሣውን ስታመጣልን እኛስ እናውቅ ነበር?" አለች። ከዓይኗ የሚወርደው ከሕመሙ ይሁን ከሌላ አላውቅም። "ነዳጁን፣ ብርዱን፣ ምን እንዳስወጣህ ነግረኸን ታውቃለህ?"

ኢንግቫልድ "እሱ ሌላ ነው" አለ፤ ግን እንዳላመነበት ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

እኔ መተላለፊያው ላይ ወጣሁ። ካፖርቱን፣ ኮፍያዎቹን፣ የውሻውን ማሰሪያ አንድ በአንድ አውርጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ማሽኑን ገፍቼ አመጣሁ፣ ጨርቁን ከላስቲኩ አወጣሁ፣ በሥሩ አሳለፍኩለት፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ተነሣ። እግሩ በሱፍ ካልሲው እንዳለ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምንም ሳይናገር። የተጫንኩት በአንድ ጣት ነው። ያ ማሽን እዚያ ቆሞ ኮት ሲሸከም መክረሙን ሳስብ እስከ ዛሬ ንዴቴ አይበርድም።

ሱልፍሪድን በዚያው ቀን ወደ ዋናው ምድር ወሰዷት። ቀዶ ጥገናው በአግባቡ ሄደ፤ ጅማቱ ግን ከተጎዳ ቆይቶ ስለነበር የሚሰፋው ሁሉ አልተሰፋም።

ለሲሴል እኔና ሮአር ነን የነገርናት። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የምትጮኽብን መስሎኝ ነበር፤ መቆጣት ግን አልሆነላትም። "ጥያቄው ነው የተሳሳተው" አለች በመጨረሻ፤ "እናንተም ዋሽታችኋል።" ስሞቹን በሙሉ አጠፋችና በቦታቸው ሥራዎቹን ጻፈች። ማንሣት። ካልሲ። ሻወር። አልጋ ላይ ማዞር። የዓይን ጠብታ። ቁርስ። "አሁን ለጥፉ" አለችን፤ በዚህኛው ጊዜ ተቀምጣ። ቀዩ ማግኔት አልቆብን በሰማያዊ ሞላን።

አዲሱ ዙር ይሻላል። ከካልሲ በኋላ መንገድ አለ፣ ከማንሣት በኋላ መድኃኒት። ወገቤ ማታ ማታ ያውቀዋል። ኢንግቫልድ ጋ ጧት ሁለት ሰው ይሄዳል፤ ማሽኑ ይሠራል፤ ስለ መጦሪያው ግን ወሬው ተነሥቷል፤ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ምን እንደሚባል እስካሁን አናውቅም። እሱ ስለዚያ አያወራም። ኮቶቹ አሁን ሚስማር ላይ ናቸው።

ሱልፍሪድ በጸደይ ተመለሰች፤ በግማሽ ቀን። ሐኪሙ ክረምት ሳይመጣ ድጋሚ አይቷት ይወስናል፤ ሥራው ይቀጥል ወይስ ያብቃ። ሲሴል ሁሉም አረንጓዴ የሆነ ዙር ሠራችላት፤ በዚህኛው ጊዜ የእውነት አረንጓዴ። መድኃኒት፣ ቁርስ፣ ጠብታ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ማውራት።

"ሥራ ነው ይሄ?" አለችኝ መጀመሪያ ቀን። "ሙሽራ አደረጋችሁኝ።"

"ሌላው ሰው እንዲያርፍበት የነበረውን ቀላል ቀላሉን በሙሉ አንቺ ወስደሻል፤ እኛ ነን የምንሸከመው" አላት ሮአር። ሊያሾፍ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ቃሉን ሊመልሰው ፈለገ፣ አልቻለም። እውነት ነበርና። ለእሷ ያቀለልነው እኛ ላይ ሄዷል፤ ሲሴልም ሰው ይጨመርልኝ ብላ ጠይቃ ገና አልተፈቀደላትም። ሱልፍሪድ ይህን ከማንም በፊት ደምራዋለች። ቢሆንም በማግስቱ መጣች።

ቀትር ላይ የኢንግቫልድ የዓይን ጠብታ የእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ላደርስ ገብቼ አገኘኋቸው። መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ጠብታው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ የዓይን ቆቡን ይከፍታል፣ አንዱ ያንጠባጥባል። ቀኝ እጇ እስከ ደረቷ እንጂ ከዚያ በላይ አይወጣም።

"ጎንበስ በል" አለችው።

"ከዚህ በላይ ልጎንበስ ብል እወድቃለሁ። ኋላ ያ መስቀያ ያነሣኛል።"

"አፍህን ዝጋና ወደ ላይ እይ።"

ደህናውን እጁን አነሣና የዓይኑን ቆብ በገዛ ጣቱ ወደ ላይ ያዘው። ጣቱ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። እሷም በግራ እጇ ጠርሙሷን ጨመቀች። አንዱ ጠብታ ጉንጩ ላይ ወረደ።

"ሳትሽው" አላት።

"አንተ ተንቀጥቅጠህ ነው። እንደገና።"

እንደገና ያዘው።